ብርጭቆው ላይ የቀረ ከንፈር

እናንተ ጠይቁ፣ እኛ እንመልስ

ባለፈው እትም ስለ ጣት አሻራ ትንሽ ጽፌ ነበር። ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እናንተ ግን አልበቃችሁም። ከድሬም ከሐረርም የመጡት ጥያቄዎች ጣቱን ትተው ከንፈር ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ ዛሬ የከንፈሮቹን ብቻ ሰብስቤ እመልሳለሁ። ስለ ዋይፋይና ስለ ፀጉር መነቃቀል የጻፋችሁ፣ አቦ እስከሚቀጥለው ታገሱኝ።

«ከዚራ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ከተማው ጭር ባለበት ሰዓት፣ አንዲት ሴት ገብታ ስፕሪስ አዘዘች። ሰጥቻት ጓዳ አቮካዶ ልልጥ ገባሁ። ስመለስ ሴትየዋም የለችም፣ መሳቢያ ውስጥ የነበረው የቀኑ ሽያጭም የለም። ብርጭቆው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ጠርዙ ላይ ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ አለበት። አላጠብኩትም፣ በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከንፈርም እንደ ጣት አሻራ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ልትያዝ ትችላለች ወይ? ቶሎ መልሱልኝ፣ ብርጭቆው ስድስት ሆኖ የተገዛ ነው፣ አንዱ ጎድሎብኛል።»
ባለጁስ ቤቷ፣ ከድሬዳዋ

አንቺስ ጎበዝ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን በንዴት ብርጭቆውን አጥቦ ነበር። የተሳሳትሽው ፌስታሉ ላይ ብቻ ነው። እርጥብ ነገር ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ይበላሻል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ አይነገርም። አሁኑኑ አውጪው። ጠርዙን ሳትነኪ ከታች ይዘሽ በንጹህ ወረቀት ወይም በካኪ ፖስታ አድርጊውና ለፖሊስ አስረክቢ። ወረቀት ያልኩበትን ምክንያት በኋላ እመጣበታለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ስንመጣ፣ አዎ፣ ከንፈር አሻራ አለው። መስታወት ፊት ቆመሽ የታችኛውን ከንፈርሽን ገልበጥ ብታደርጊው ቀዩ ቦታ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታያለሽ። ድርቀት የሰነጠቀው እንዳይመስልሽ፣ ገና በእናትሽ ማህፀን ሳለሽ የመጡ ናቸው። ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ኬይሎስኮፒ ይባላል፣ ኬይሎስ በግሪክ ከንፈር ማለት ነው። መስመሮቹን መጀመሪያ በጽሑፍ ያነሳቸው ፊሸር የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው፣ በ1902 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለወንጀል ምርመራ ይጠቅማሉ ያለው ደግሞ ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር ነው፣ በ1932። ሎካር በ1910 ሊዮን ከተማ ላይ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመ ሰው ነው። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ የሆነ ነገር ትቶ ይሄዳል የሚለው ሐሳብ የሱ ነው። ያንቺ ብርጭቆ ማለት ነው።

ነገሩን ቁጭ ብለው የሠሩት ግን ጃፓኖች ናቸው። ሱዙኪና ፁቺሃሺ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ መስመሮቹን በስድስት መደቧቸው። ከላይ እስከ ታች እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አለ። ወርዶ ወርዶ መሃል ላይ የሚቀር አለ (እንደ ድሮው ባቡራችን)። እንደ ቅርንጫፍ የሚከፈል አለ፣ እንደ መቀስ የሚተላለፍ አለ፣ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ አለ። ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱም ውስጥ አልገባ ያለው ነው። አንድ ከንፈር ላይ ከአንድ በላይ ዓይነት ስለሚገኝ ሰውን ከሰው የሚለየው ቅልቅሉና አቀማመጡ ነው። ፁቺሃሺ የ1364 ሰዎችን ከንፈር አንስቶ ሲያመሳክር ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘም።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ባለፈው እሁድ ቤት ውስጥ ሞከርኩት። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ተመራማሪዎቹም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚያነሱት። ጠቆር ያለ ሊፕስቲክ ትቀቢያለሽ፣ የግልጽ ፕላስተር ማጣበቂያ ጎን ከንፈርሽ ላይ ታስነኪያለሽ፣ ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ትለጥፊውና በማጉያ ታይዋለሽ። ቡና ላይ ነበርን። የባለቤቴ እህት «እኔ አለሁ» ብላ ቀረበች። ሦስት ጊዜ አነሳኋት። በመጀመሪያው ላይ ከታችኛው ከንፈሯ መሃል በስተግራ አንድ መስመር ወርዶ ለሁለት ይከፈላል፣ እንደ ወንጭፍ ባላ። ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛውን ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት። ባላው ተዘጋና አንድ ወፍራም መስመር ሆኖ ቁጭ አለ። ሦስተኛው ላይ ሳቀች። ከንፈሯ ስለተለጠጠ ባላው በረገደ፣ ጎኑ ያሉት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ ጭራሽ ጠፉ። ሦስቱን ወረቀት አማቴ ፊት ዘርግቼ የስንት ሰው ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። በረካው ስኒ በእጃቸው እንዳለ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩ፣ አዩና «ይቺና ይቺ እህትማማች ናቸው፣ ሦስተኛዋን አላውቃትም» አሉ።

ያንቺም ችግር ይኸው ነው። ሰው ስፕሪስ ሲጠጣ ከንፈሩን አስተካክሎ አያሳርፍም። ይጠጣል፣ ያወራል፣ ብርጭቆውን ዞር ያደርጋል፣ እዚያው ላይ ደግሞ ይጠጣል። አንዱ አሻራ በሌላው ላይ ይደራረባል። ደግሞ ጠርዝ ላይ የሚያርፈው የከንፈር ክፍል ጠባብ ነው፣ ቀጭን ቁራጭ ብቻ። በዛ ላይ ብርጭቆው ቀዝቃዛ ከነበረ ውጭው ላብ አውጥቶ ቀለሙን አስኪዶታል። ዕድለኛ ከሆንሽ አንድ ቦታ ላይ ንጹህ ቁራጭ ተገኝቶ ይሆናል።

ተገኘ እንበል። ከምን ጋር ይመሳከራል? የጣት አሻራ መዝገብ አለው፣ ኮምፒውተር ላይ ተከቶ ይፈለጋል። የከንፈር አሻራ መዝገብ የሚባል ነገር ግን የለም። ስለዚህ ብርጭቆው «እገሊት ናት» ብሎ አይነግርሽም። ተጠርጣሪዋ በሌላ መንገድ ከተገኘች በኋላ ከሷ ከንፈር ጋር ይተያያል፣ እሱም ከቀናው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብርጭቆሽ ላይ ትልቁ ነገር ቀዩ ቀለም አይደለም፣ አብሮት ያለው ምራቅ ነው። ምራቅ ውስጥ የከንፈርና የጉንጭ ሴል አለ፣ ከሴሉ ዲኤንኤ ይወጣል። እርጥበት ደግሞ ዲኤንኤን ይበላዋል፣ ለዚህ ነው ወረቀት ያልኩሽ። ሌላም አለ። ያ ብርጭቆ ወገቡ ላይ በእጅ ተይዟል፣ የጣት አሻራዋ እዚያው ይኖራል። ያንቺም አብሮ ይኖራል፣ አትደንግጪ፣ ያንቺን ለይተው ያወጡታል። እኔ መርማሪ ብሆን መጀመሪያ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዚያ ምራቁን አስጠርጌ እወስዳለሁ፣ ጣቱን አነሳለሁ፣ ከንፈሩ መጨረሻ ይመጣል። ሽያጩ ስንት እንደነበር አልነገርሽኝም። ለአንድ ቀን የጁስ ብር ዲኤንኤ ያስመረምራሉ ብዬ ግን አላስጎመጅሽም።

«ሊፕስቲክ ያልተቀባ ሰው ከንፈሩ አሻራ ይተዋል? ጓደኞቼ አይተውም ብለው ተከራክረውኛል፣ አንድ ፓኬት ብስኩት አስይዘናል።»
ከሐረር፣ አራተኛ በር

ብስኩቱን ብላ። ከንፈር ላይና ጠርዙ ላይ ጥቃቅን የምራቅና የቅባት ዕጢዎች አሉ። ምራቁም ቅባቱም በዓይን የማይታይ አሻራ ይተዋል፣ መስታወት ላይ፣ ብርጭቆ ላይ፣ የሲጋራ ቂጥ ላይ ሳይቀር። እንደ ጣት አሻራ የአሉሚኒየም ዱቄት ወይም የማግኔት ዱቄት በብሩሽ ሲነካካበት ይወጣል። የማይለቅ የሚባለው ሊፕስቲክም እንዲሁ ነው። ለዓይን ምንም የተወ አይመስልም፣ ግን ቅባት አለው፣ ቅባትን የሚያቀልሙ ቀለሞች ያወጡታል። አንዱ ሱዳን ሦስት ይባላል። ስሙ ነው እንጂ ከጎረቤታችን ጋር ዝምድና የለውም።

«እናቴ ጁገል ውስጥ ስፌት እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ለመታወቂያ ልናስመዘግባት ስንወስዳት ማሽኑ የጣቷን አሻራ ማንበብ አቃተው። አሥሩንም ሞከሩ፣ ሁለቱ ብቻ ተነበቡ። ከንፈሯን ቢያነሱላትስ?»
ከሐረር

እናትሽን ሰላም በይልኝ። በሥራና በዕድሜ የጣት መስመር ይሳሳል። አለላ ስትጎትት የኖረች፣ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ የሁሉም ጣት እንደዚያ ነው። ለዚህም ነው አሁን ያለው የፋይዳ ምዝገባ አሥር ጣት ላይ ብቻ የማይቆመው፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶም ይወስዳል።

ከንፈር ለምን አይወሰድም ካልሽ፣ ከላይ ያለውን የእሁዱን ጉድ አንብቢ። አይሪስ አይስቅም። ከንፈር ግን ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፣ ይሸበሸባል፣ ጥርስ ሲረግፍ ቅርጹ ይለወጣል። ደግሞስ ባንክ ቤት ደርሳ «እዚህች ጋ ይሳሙ» ቢሏት እናትሽ እሺ ትላለች?

(ከብት ላይ ግን ሠርቷል። የከብት አፍንጫ፣ ያ ጸጉር የሌለው እርጥቡ ቦታ፣ እንደ ጣት አሻራ ከከብት ከብት ይለያያል፣ ቀለም እየተቀባ ለመለያ ሲነሳ መቶ ዓመት ሆኖታል። የሐረር ሰንጋ የምታደልቡ ሰዎች፣ በሬያችሁ ሳይጠፋባችሁ በፊት አንሱት። ጠፍቶ ከተገኘ በኋላ የኔ ነው የኔ ነው ከመባባል ይሻላል።)

«ሳቢያን ነው የምኖረው። ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየሁ ምች ይመታኛል፣ ከንፈሬ ይፈነዳል፣ ሳምንት አስር ቀን ቆይቶ ይድናል። ታዲያ የኔ አሻራ የቱ ነው፣ ከምቹ በፊት ያለው ወይስ በኋላ ያለው?»
ዳማከሴ የሰለቸው

ሁለቱም አንድ ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ምች ሐኪሞቹ ኸርፐስ ይሉታል፣ ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፣ ፀሐይ ሲመታህ ወይም ሲደክምህ ይነቃል፣ እና ምች መታኝ ያሉት የድሮ ሰዎች ስለ ፀሐይዋ አልተሳሳቱም። ቁስሉ ባለበት ሰዓት አሻራህ ይበላሻል። ጠባሳ ሳይተው ሲድን ግን መስመሮቹ እንደነበሩ ይመለሳሉ። የድሬ ነፋስ የሚያደርቀውና የሚልጠው ከንፈርም እንዲሁ ነው፣ ቫዝሊን ቀባ ቀባ አድርግ፣ ይመለሳል። የሚለውጠው ጠለቅ ያለ ነገር ነው፦ ቃጠሎ፣ ስፌት ያስፈለገው ቁስል፣ ቀዶ ጥገና፣ አሁን አሁን ደግሞ ከንፈር ለማወፈር የሚወጋው መርፌ። ስለዚህ መርማሪ የሁለት ዓመት አሻራ ከዛሬው ጋር ሲያይ መሃል ላይ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከንፈርህ ቆስሎ እያለ በሰው ብርጭቆ አትጠጣ፣ ሕፃንም አትሳም። ቫይረሱ ይተላለፋል።

«መንትያ ልጆች አሉኝ፣ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አባታቸው እስካሁን ይሳሳታል። ከንፈራቸውስ?»
እናት፣ ከድሬዳዋ

በጣም ይመሳሰላል፣ አንድ ግን አይሆንም። ጃፓኖቹ መንትዮችንም አይተዋል። ከአንድ እንቁላል የመጡት እርስ በርስ ብቻ ሳይሆን ከእናት ወይም ከአባት ጋርም ተቀራራቢ ሆነው ተገኝተዋል፣ በዘር የሚወረስ ነገር አለው ማለት ነው። አባትየው ግን በከንፈር ሊለይ ከሚሞክር ጠባሳ ወይም ማርያም ስሞሽ ይፈልግ።

«የሕግ ተማሪ ነኝ። የከንፈር አሻራ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል? እንደ ማስረጃስ ምን ያህል ይታመናል?»
ከሐረር

ቀርቦ ያውቃል። ፖላንድ ውስጥ ከ1985 እስከ 1997 ባለው ጊዜ በ85 ጉዳዮች ላይ ተሞክሯል፣ አብዛኞቹ ቤት ሰብሮ መግባት ናቸው። በ34ቱ የማን እንደሆነ ተለይቷል ተብሏል። ከግማሽ በታች መሆኑን ልብ በል።

አንተን የሚጠቅምህ ግን የአሜሪካው ነው። ኢሊኖይ ውስጥ በ1993 ሰው ተገደለ። ቦታው አጠገብ ወፍራም የማሸጊያ ፕላስተር ጥቅል ተገኘ፣ ማጣበቂያው ጎን ላይ የከንፈር ምልክት አለ። ገዳዩ ፕላስተሩን አፉ ላይ አድርጎ ነበር ተባለ። ተጠርጣሪ ተያዘ፣ ከንፈሩ ተነሳ፣ የፖሊስ ባለሙያዎች ቀርበው የሱ ነው አሉ። በ1997 ተፈረደበት። ይግባኝ አለ፣ በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጸና። ዘዴው በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደና የታመነ ነው ተብሎ ነበር። አልነበረም። በኋላ ይኸው ተነስቶ በ2006 አንድ ዳኛ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ አዘዘ። ሰውየው እስከዚያ ስንት ዓመት እንደታሰረ ቁጠር።

ስህተቱ የቱ ጋ ነው? እኔ እንደሚገባኝ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ተደርገው ነው። የሰው ሁሉ ከንፈር ይለያያል ወይ? የሚለው አንዱ ነው፣ እሱን የ1364ቱን ሰዎች ጥናት ይዘህ አዎ ብትል ብዙ አልከራከርህም። ሁለተኛው፣ ይህ ፕላስተር ላይ ያለ ግማሽ የተደፈጠጠ ምልክት የዚህ ሰው መሆኑን ባለሙያው በስንቱ ይሳሳታል? የሚለው ነው፣ ለፍርድ ቤት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የተነሳው ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አፉን ገጥሞ፣ ሊፕስቲክ በሥርዓት ተቀብቶ ነው፣ ብዙ ጥናቶች እንዲያውም የታችኛውን ከንፈር መሃሉን አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚያዩት። ወንጀል የሚሠራ ሰው እንደዚያ አይተባበርም።

በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ስም በ2009 አንድ ትልቅ ሪፖርት ወጥቶ ነበር። ከዲኤንኤ በቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነት ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ የተረጋገጠለት የፎረንሲክ ዘዴ የለም ይላል። የጣት አሻራም ሳይቀር። በ2004 የማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ፌስታል ላይ የተገኘ የጣት አሻራ የአንድ አሜሪካዊ ነው ብለው የኤፍቢአይ ባለሙያዎች አረጋገጡ፣ ሰውየው ታሰረ፣ በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አገኘ። የታሰረው ሰው ሥራው ምን እንደነበር ታውቃለህ? ጠበቃ።

እና ጠበቃ ስትሆን «ከንፈሩ ነው» የሚል ባለሙያ ከመጣብህ፣ ከንፈር ይለያያል አይለያይም ብለህ አትሟገተው። ያንተ የስህተት መጠን ስንት ነው፣ ማን ለካው፣ ብለህ ብቻ ጠይቀውና ቁጭ በል። «እሱ አይደለም» ለማለት ግን ከንፈር ደህና ነገር ነው። ንጹህ አሻራ ላይ ቀጥ ያለ ሐዲድ እያየህ የተጠርጣሪው ከንፈር እዚያው ቦታ ላይ ሙሉ ወንፊት ከሆነ ያንን ሰው ተወው።

«የባሌ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ሊፕስቲክ አገኘሁ። ሲጠየቅ ሠርግ ላይ ሲሳሳሙ ነው ይላል። እኔ ግን የጎረቤቴ ይመስለኛል፣ ቀለሙ የሷ ነው። የከንፈሯን አሻራ እንዴት ላመሳክር?»
ስሜ ይቆይ

ይቆይልሽ። ጨርቅ ከሁሉ የባሰው ነው። የሽመናው ክር ራሱ መስመር ስለሆነ የከንፈሩን መስመር ይውጠዋል፣ የቀረውን ሰውነት ላይ ያለ ኮሌታ ሲታሸት ያጠፋዋል። ቀለሙንም አትመኚው፣ ታይዋን ገበያ አንድ ደህና ቀይ ከመጣ በሳምንቱ ግማሽ ድሬ እሱን ነው የምትቀባው። ሠርግ ላይ ደግሞ ይሳሳማል፣ እኔ ራሴ ባለፈው ጥር ከአንድ ሠርግ የሦስት አክስቶች ቀለም ይዤ ገብቻለሁ፣ ሁለቱ የኔ አክስቶችም አይደሉም።

ጎረቤትሽ ጋ ፕላስተር ይዘሽ «እስቲ አፍሽን» ብለሽ እንዳትሄጂ፣ ቡናው ይቀርብሻል። ሸሚዙን ማስለቀቅ ከፈለግሽ የሰሃን ሳሙና ከጀርባው በኩል ጠብ አድርጊበት፣ ሩብ ሰዓት ተይው፣ በቀዝቃዛ ውሃ እሺው። ሙቅ ውሃ አታስነኪው፣ ቅባቱን ክሩ ውስጥ ያስገባዋል። የተሻለው ግን ሸሚዙንም ሳሙናውንም ለባልሽ መስጠት ነው። ሲያሽ ቁጭ ብለሽ ፊቱን እይው።